ወይ ምሰሶው ይለወጥ፣ ወይ ዋጋው ይቀነስ

አባቴ ሊለወጥ መሆኑን የሰማሁት አልጋ ሥር ተኝቼ ነው።

አልጋ ሥር የገባሁት ወድጄ አልነበረም። ቤታችንን ሊገዙ የተስማሙት ሴትዮ መሐንዲስ ይዘው ሊያስመረምሩት ይመጣሉ ተብሎ፣ እናቴ ከማለዳ ጀምራ ለዓይን የማይሆነውን ሁሉ ወደ መኝታ ቤት ስትወረውር አረፈደች። የተሰነጠቀው ባልዲ፣ የአባቴ የቀለም ቆርቆሮዎች፣ ዝናብ ሲመጣ ጣራው የሚያፈስበት ቦታ ላይ የምንደቅናቸው ሳፋዎች፣ አንድ እግሩ የጎደለ ወንበር፣ ሁሉም አልጋው ሥር ገባ። በመጨረሻ ዞር ብላ ስታይ የቀረሁት እኔ ነኝ። አፍንጫዬ ይፈሳል፣ ቀሚሴ ቀለም ነክቶታል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አፌ አያርፍም።

"አንቺም ግቢ!" አለችኝ። "እንግዶቹ እስኪሄዱ ድምፅሽን እንዳልሰማ።"

ከሳፋዎቹ ጎን ተደረደርኩ። ትምህርት ቤት ከገባሁ ገና ዓመት አልሞላኝም ነበር፤ ዕቃ ሆኖ መቀመጥ ደስ የሚልበት ዕድሜ ነው። ከተኛሁበት የሚታየኝ በመጋረጃው ጫፍ ሥር የሚያልፍ ጫማ ብቻ ነበር። ቀለም የተንጠባጠበበት የአባቴ ነው። ሹሉና የሚያብረቀርቀው የመሐንዲሱ። ጠፍጣፋና ነጭ የሆነው ደግሞ የገዢያችን። ሴትዮዋ በጡረታ የወጡ አዋላጅ ነበሩ፤ የሰፈሩን ግማሽ ልጅ በእጃቸው ስለተቀበሉ ሁሉም አዋላጇ እያለ ነበር የሚጠራቸው።

መሐንዲሱ ቤቱን በመዶሻ እያንኳኳ ይዞራል። ግድግዳው ኳ ይላል። የበሩ መቃን ኳ ይላል። እኔም አልጋ ሥር ሆኜ የሚቀጥለውን ኳ እጠብቃለሁ። ድንገት ድምፁ ሌላ ሆነ።

ዱብ። ዱብ። ዱብ።

"ይሄማ አልቆለታል" አለ መሐንዲሱ።

"ምኑ?" አሉ አዋላጇ።

"ምሰሶው ነዋ! ላዩን ቀለም ተቀብቶ አምሮበታል እንጂ ውስጡን ምስጥ ጨርሶታል። ስንት ዘመኑ ነው?"

"አርባ ደፍኗል" አለ አባቴ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"አየህ! ሲበላ ኖሮ አሁን ሸክም አይችልም። ተነቅሎ ካልወጣና በአዲስ ካልተለወጠ፣ አንድ ቀን ሳታስቡት ይወድቅባችኋል።"

አልጋ ሥር ክው ብዬ ቀረሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስረዳት ይኖርብኛል። በሳሎናችን መሃል ጣራውን የተሸከመ ወፍራም እንጨት ነበር። ማንም ጤነኛ ሰው ምሰሶ ነው የሚለው። እኛ ቤት ግን ምሰሶ ብሎ የሚጠራው አልነበረም። አባቴ የሱቅ ማስታወቂያ ሰሌዳ የሚጽፍ ቀለም ቀቢ ነው፤ አንድ ሥራ የጠፋበት ሰሞን እንጨቱን ነጭ ቀብቶ፣ በቀጭን ብሩሽ ግራጫ ሥር እየሳለ፣ ቁርጥ እብነ በረድ አስመሰለው። እንግዳ ሁሉ ቀረብ ብሎ ይዳስሰው ነበር። ከዚያ ወዲህ ስሙ እብነ በረዱ ሆነ። "ቦርሳሽን እብነ በረዱ ላይ ስቀዪው"፣ "እብነ በረዱን ተደግፈሽ ቁሚ፣ ቁመትሽን ልለካሽ"። እኔም ስሙን ሌላ አላውቅለትም ነበር።

ምሰሶ የሚለውን ቃል የማውቀው ከአክስቴ አፍ ነው። የአባቴ ታላቅ እህት ናት፤ እሑድ እሑድ ስትመጣ ገና ከደጅ "ወንድሜ! የዚህ ቤት ምሰሶ!" እያለች ነው የምትገባው። ገበታ ሲቀርብ "ኧረ ለምሰሶው ሥጋ ጨምሩለት" ትላለች። እናቴን መንገድ ላይ ስታገኛት "ምሰሶው ደህና አደረ?" ብላ ትጠይቃታለች። ስለዚህ ምሰሶው ማን እንደሆነ ለእኔ ጥያቄ አልነበረውም።

የቀረውም ሁሉ ልክክ አለ። አያቴ ያንን ቤት የሠራው አባቴ የተወለደ ዓመት ነው፤ አርባ የደፈኑት እኩል ነው። ቀለሙም ቢሆን እውነት ነበር። አባቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ጓሮ ተቀምጦ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ሽበቱን ጥቁር ሲቀባ አይቼው፣ "ለማንም እንዳትናገሪ" ብሎኝ ነበር። መሐንዲሱ አንኳክቶ ብቻ እንዴት እንዳወቀበት ገረመኝ።

ማታ ራት ላይ ሁለቱም አልበሉም። ዳቦዬን እያላመጥኩ አንዴ እሱን አንዴ እሷን አያለሁ።

"ታውቅ ነበር?" አለችው እናቴ።

"ካወቅሁት ቆይቷል። ቀለም የቀባሁት ለምን መሰለሽ?"

"እኔ እንኳ ሳልሰማ!"

"ብነግርሽ ምን ታደርጊዋለሽ? መጨነቅ ነው ትርፉ።"

"ሌሊት ሌሊት ሲንቋቋ እሰማው ነበር እኮ! ነፋስ ነው እያልኩ..."

እኔም እሰማው ነበር። እኔ ግን ማንኮራፋት ነበር የምለው። ውስጡ በምስጥ እየተበላ ያን ያህል የሚጮህ ሰው፣ ሲነጋ ተነስቶ እያፏጨ ፊቱን ሲታጠብ ማየቴ አንጀቴን በላው። አባቴ ጀግና ነው አልኩ።

በማግስቱ አክስቴ መጣች። እኔ በር ላይ ቁጭ ብዬ ፊደል እጽፋለሁ፤ እነሱ የማልሰማ መስሏቸው ያወራሉ።

"ታዲያ ለምን አትለውጡትም?" አለች አክስቴ። "አሁን እኮ የብረት አለ። ምስጥ አይበላው፣ አይንቋቋ፣ ቀለም አይል። አንዴ ካቆምሽው ዕድሜ ልክሽን ነው።"

የገዛ እህቱ! ሥጋ ጨምሩለት ስትል የኖረችው!

"አቅሙ ቢኖር ምን ገዶኝ" አለች እናቴ። "ሲነቅሉት ደግሞ ቤቱ ሁሉ ይናጋል አሉ።" ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "እኔን የጨነቀኝ ሌላ ነው። ሴትዮዋ ቶሎ ካልጨረሱልን ያ ቤት ያመልጠናል። አዲሱ ሰው እዚሁ ጥበቱ ላይ ይመጣል።"

"ለልጅቷ ነገራችኋት?"

"ገና ነው። አባቷን ለብቻዋ ይዛ የኖረች ልጅ፣ ምን ብዬ ልጀምርላት?"

"መጀመሪያ ታኮርፋለች። ኋላ ከእሱ አትለይም።"

ዛሬ ሁሉም ግልጽ ነው። ከዋናው መንገድ ማዶ አንድ መኝታ ቤት የሚበልጥ ቤት አግኝተው፣ የእኛ በተስማሙበት ዋጋ ከተሸጠ ያንን ሊገዙ ነበር። እናቴም ሰፋፊ ቀሚስ ማዘውተር የጀመረችው እኔ እንዳሰብኩት ከዳቦ ብዛት አልነበረም። ያኔ ግን የታየኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ብረት የሆነ፣ የማያንኮራፋ፣ ጸጉሩን የማይቀባ ሰውዬ ሻንጣውን ይዞ በራችን ላይ ቆሟል።

አባቴን ለማዳን የተነሳሁት ቅዳሜ ነው። ምሳ እስኪደርስ ወንበሩ ላይ አንቀላፍቶ አገኘሁት። እንደ መሐንዲሱ ከላይ ጀመርኩ። ግንባሩን በጣቴ መታሁት፣ ኳ አለ። ተመስገን። ትከሻው ላይ ምንም አልሰማ አለኝ። ሆዱን ስመታው ግን ዱብ!

አንድ ዓይኑን ገለጠ። "ምን እየሠራሽ ነው?"

"አባዬ፣ ውስጥህ ባዶ ነው?"

"ባዶ ነዋ! ከጠዋት ጀምሮ ምን ቀመስኩና?"

ይህን እንደ ቀልድ ሲናገረው እንባዬ መጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከዳቦዬ ግማሹን እየቆረስኩ ኮቱ ኪስ ውስጥ መደበቅ ያዝኩ። ለምስጡ ደግሞ መድኃኒት አገኘሁለት። እናቴ ልብስ ብል እንዳይበላው ሳጥን ውስጥ የምትበትነው ነጭ እንክብል ነበር፤ ከእሱ እፍኝ ሙሉ ዘግኜ በኮቱም በሱሪውም ኪስ ከተትኩ። ብልን የሚገድል ምስጥን የማይገድልበት ምክንያት አልታየኝም።

ሥራ ቦታው ላይ ደንበኞቹ ሽታው ሲመታቸው "ከሳጥን የወጣኸው ዛሬ ነው እንዴ?" እያሉ ሲስቁበት ሰነበቱ። እሱ እንክብሉን የከተተችው እናቴ መስላው ነበር። እንጨቱን ቀብቶ ዝም በማለቱ መቀየሟን በዚህ የነገረችው መስሎት፣ አንድ ማታ "ይቅር በዪኝ፣ ገብቶኛል" አላት። እሷም ምን እንደገባው ሳታውቅ "እሺ፣ ይቅር" አለችው። ይህን ያወሩልኝ ካደግሁ በኋላ ነው፤ እስከ ዛሬም ይስቁበታል።

አዋላጇ ለመጨረሻው ንግግር ሲመጡ እንደገና ወደ መኝታ ቤት ተባረርኩ። በዚህ ጊዜ ግን አልጋ ሥር አልገባሁም። መጋረጃው ጀርባ ቆምኩ።

"ወይ ምሰሶው ይለወጥ፣ ወይ ዋጋው ይቀነስ" አሉ አዋላጇ። "እኔ ሌላ ቋንቋ አላውቅም።"

"በዋጋ ተስማምተን የለም እንዴ!" አለ አባቴ።

"የተስማማነው እኮ እብነ በረድ ነው ብዬ ነው። ይሄ እንጨት ነው፤ እሱም እንጨት ከተባለ።"

"እኔስ ምን አውቄ? እኔም እንደ እርስዎ ከመሐንዲሱ ነው የሰማሁት። ከዚያ በፊት ቢጠይቁኝ ጤነኛ ነው ብዬ እምልልዎ ነበር! ይኸው ስንት ዘመን ቀጥ ብሎ ቆሞ!"

"ቀጥ ማለቱንማ ቀጥ ብሏል።"

"እንግዲያው ያለ ጠብ እንለያይ። የማስለወጫውን ግማሽ እኔ ልቻል፣ ግማሹን እርስዎ።"

የሻይ ማንኪያ ሲዞር ይሰማል። እናቴ እንደምትምለው፣ በዚያች ሰዓት አዋላጇ እሺ ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ነበር። ነገሩን ለማለስለስ ብላ እሷ ቀደም አለች።

"እውነት ለመናገር እኛም ቢለወጥ አንጠላም ነበር፤ አቅም አጥተን ነው እንጂ።"

እናቴ! ቢለወጥ አንጠላም!

መጋረጃውን በጥሼ ወጣሁ። በጥሼ ስል እውነቴን ነው፤ ግማሹ ትከሻዬ ላይ ነበር።

"አይለወጥም!" አልኩ። "አባዬ አይለወጥም! ውስጡን ምስጥ ቢበላውም መድኃኒት አድርጌለታለሁ! ዳቦም እየሰጠሁት ነው፣ ስመታው ድምፁ ተሽሎታል! እሱ ራሱ እኮ ካወቀው ቆይቷል፣ ለእማዬ ነግሯታል! ቀለም የቀባሁት ለዚያ ነው ብሏታል! ሲቀባም አይቼዋለሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጓሮ ነው ጸጉሩን የሚቀባው! እያወቀ ዝም ያለው እንዳንጨነቅ ብሎ ነው!"

በአንድ ትንፋሽ ሁለቱንም ምስጢሩን አወጣሁበት። አባቴ እጁን ወደ ራሱ ሰደደ፣ የትኛውን እንደሚሸፍን ቸግሮት ግን መንገድ ላይ ቀረ። አዋላጇ እሱን አዩ፣ እንጨቱን አዩ፣ ተመልሰው እሱን አዩ።

"እንደ እኔ ከመሐንዲሱ ነው የሰማኸው?" አሉት፣ ረጋ ብለው።

አባቴ የሻይ ስኒውን አንስቶ ጠጣ።

"አዲሱን ሰውዬ አንፈልግም!" አልኩ እያለቀስኩ።

"የትኛውን ሰውዬ፣ የኔ ልጅ?"

"ሊመጣ ያለውን! የብረቱን!"

እናቴ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። አስቀድሞ የገባቸው ለአዋላጇ ነው። ሻዩ መፍሰስ ስለጀመረ ስኒውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡና ሳቁ፤ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን እስኪጠርጉ ሳቁ። ከዚያ እጄን ይዘው ወደ እናቴ ወሰዱኝ።

"ማንኳኳት ታውቂበታለሽ አሉ። እስቲ እዚህ ጋ አንኳኪ፣ ቀስ ብለሽ።"

የእናቴን ሆድ በጣቴ መታሁት። ኳም አላለም፣ ዱብም አላለም። እጄን ሳላነሳ ከውስጥ አንድ ነገር መልሶ አንኳኳ።

ፈርቼ እጄን ሰበሰብኩ። ቀጥሎ ደግሜ አንኳኳሁ። ደግሞ መለሰልኝ።

"አዲሱ ሰው ይሄ ነው" አሉኝ። "ከብረት እንዳልተሠራ ዋስትና እሰጥሻለሁ። አባትሽ ደግሞ ይኼውልሽ፤ ይሄን ሁሉ ዋሽቶኝ አሁንም ወንበሩ ላይ አለ።"

እኔ የአባቴን አንገት አንቄ ሳለሁ እነሱ ንግግራቸውን ጨረሱ። ግማሽ በግማሽ የሚባለውን ማንም አላነሳውም። አዋላጇ ዋጋቸውን ጠሩ፣ አባቴ መሬት መሬት እያየ "እሺ" አለ። ሲወጡ በር ላይ ቆም አሉና "ይሄኛውን ምሰሶ እኔ እወስደዋለሁ" አሉ። "ያኛውን ለእናንተ ትቼላችኋለሁ፤ እንዳትለውጡት።"

ማዶ ያለውን ቤት አልገዛንም። የተቀነሰው ገንዘብ ልክ የአንድ መኝታ ቤት ልዩነት ነበረና፣ እዚያው አጠገቡ ያለችውን አነስ ያለች ገዛን። ያመለጠን መኝታ ቤት ለእኔ የታሰበው ነበር። እስካገባ ድረስ ከወንድሜ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ አደግን፤ እሱም ማንኮራፋቱን ከአባቱ ወርሷል። ባማረርኩ ቁጥር አባቴ "ምን ይደረግ፣ እኔን የገዛሽበት ዋጋ ነው" ይለኛል። ከእንቅልፍ ማጣት ብዛት አንድ ቀን "ተወድደሃል" ብዬዋለሁ።

ባለፈው ወር አዋላጇ ደወሉልኝ። የደጁን ደረጃ መውጣት ስላቃታቸው የእህታቸው ልጅ ዘንድ ሊገቡ ነው፤ ቤቱን ለሌላ ገዢ ከማሳየታቸው በፊት "ለምሰሶው ልጅ" ሊነግሩ አስበው ነው። አባቴ "ብቻሽን ሄደሽ እንዳትሞኚ" ብሎ ተከተለኝ። የኮቱ ኪስ አንድ ወገኑ ዘቅዝቋል፤ ምን እንደያዘ ብጠይቀው አልነገረኝም።

ሳሎኑ እንደማስታውሰው ሰፊ አልነበረም። እንጨቱ ግን እዚያው ቆሟል። ግራጫዎቹ ሥሮች ደብዝዘዋል፣ ቁመቴን የለካንባቸው ጭረቶች አሉ። አባቴ ሰላምታውን እንደ ጨረሰ ኪሱ ገባና መዶሻ አወጣ።

ዱብ። ዱብ።

"ይሄማ አልቆለታል" አለ፣ ራሱን እየነቀነቀ።

"ጤነኛ ነው ብለህ ልትምልልኝ አልነበር?" አሉት አዋላጇ ከተቀመጡበት።

"ያኔ ሻጭ ነበርኩ።"

"አሁንስ?"

"አሁን የገዢ አባት ነኝ። ለመሆኑ ያን ሁሉ ገንዘብ አስቀንሰው ለምን አላስለወጡትም?"

"ምስጡንማ በመድኃኒት አስፈጀሁት። ሠራተኞቹ ሊነቅሉት በመጡ ቀን ግን ያቺ ልጅ ስትጮህ ተሰማኝ፤ ሻይ አጠጥቼ መለስኳቸው። ይኸው፣ አልወደቀም።"

"አልወደቀም ማለት ደህና ነው ማለት አይደለም!" አለ አባቴ። የእሳቸውን ድምፅ አስመስሎ፣ ጣቱን ቀስሮ፣ ለዓመታት የተለማመደው እስኪመስል ድረስ "ወይ ምሰሶው ይለወጥ፣ ወይ ዋጋው ይቀነስ!" አለ።

ይህን ሲል አንድ እጁ እንጨቱ ላይ ነበር። ደረጃው አድክሞት ቃል በቃል መሃል ይተነፍሳል። ጸጉሩን መቀባት ከተወ ቆይቷል፤ ራሱና የእንጨቱ ቀለም አንድ ሆነዋል። ዝም ማለት እንዳለብኝ አውቃለሁ። እዚያ የቆመችው ባንክ ቤት የምትሠራ፣ ስለ ዋጋ ሌላውን የምትመክር ሴት ናት።

"አይለወጥም" አልኩ። ድምፄ ከየት እንደመጣ እንጃ። "ባሉት ዋጋ እገዛዋለሁ።"

አዋላጇ ስኒያቸውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ።

አባቴ መዶሻውን ኪሱ ከተተ፣ እኔን አየ፣ ጣራውን አየ። "አንድ ቤት" አለ፣ "አንድ ቤት ሁለት ጊዜ አከሰርሽኝ!"